ቅሬታ ያቀረበ ሁሉ መልስ አግኝቷል

እውነት ሲነገር ደማችሁ ፈልቶ ያውቃል? የእኔ ፈልቷል።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንጀራዬ የሒሳብ ሎጂክ ማስተማር ነው። በቅርቡ የሕንፃችን የውሃ ፓምፕ ተበላሸና ሦስት ሳምንት ሙሉ ጄሪካን ተሸክመን ደረጃ ወጣን። ጎረቤቴ እማማ ዘነበች ጡረተኛ ናቸው፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ከነጄሪካናቸው ተንሸራተው ቀኝ እጃቸው ተሰበረ።

እሁድ ነዋሪው ተሰበሰበ። የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ግርማ መነጽራቸውን አስተካክለው ሪፖርት አነበቡ። «በመዝገብ ቅሬታ ያቀረበ ነዋሪ ሁሉ መልስ አግኝቷል» ይላል።

መዝገቡ ያለው እሳቸው ቤት ነው። ለመጻፍ በራቸውን ማንኳኳት፣ ግልምጫቸውንም መቻል ያስፈልጋል። ስለዚህ ማንም አልጻፈም። ባዶ ነው!

ብድግ አልኩ። ለተማሪዎቼ የምነግረውን ነገርኳቸው። አንድ ቀመር እውነት ወይም ሐሰት የሚሆነው የሚተረጎምበት ዓለም ሲታወቅ ነው። የእኛ ዓለም ትንሽ ናት፤ ሃያ አባወራ። አንድ በአንድ ብትፈትሹ ቅሬታ ያስመዘገበ የለም፤ በዚህ ዓለም ውስጥ «ያቀረበ ሁሉ» የሚለው፣ የሚያፈርሰው ሰው ስለሌለ፣ በነጻ እውነት ይሆናል። እኔም ቦሌ አየር ማረፊያ ያሉኝ አውሮፕላኖች ሁሉ ዛሬ በሰዓታቸው ተነስተዋል ብል ውሸታም የሚለኝ የለም፤ አንድም አውሮፕላን የለኝማ።

ሰው ሳቀ። አቶ ግርማ አልሳቁም።

«እንግዲህ መምህር፣ ሪፖርቱ እውነት ነው እያሉ ነው?»

«እውነትማ ነው፣ ግን…»

ወደ ኮሚቴው ጸሐፊ ዞረው የሪፖርቱ እውነተኛነት በመምህሩ ተረጋግጧል ብላ ቃለ ጉባኤው ላይ እንድታሰፍር አዘዟት። ልጅቷም ጻፈች። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ለእሳቸው ጋሻ ሆነ!

እማማ ዘነበች በጀሶ የታሰረ እጃቸውን ደግፈው ተነሱ። ጸሐፊዋን የእሳቸውንም ቅሬታ እዚያው ላይ እንድትጽፍ ጠየቋት፤ ፓምፑ ይሠራ፣ እጄም ተሰብሯል ብለሽ ጻፊ አሏት። አቶ ግርማ ቅሬታ የሚጻፈው መዝገቡ ላይ ነው፣ መዝገቡ ደግሞ እዚህ የለም አሉ። አንድ ሰው ሄዶ አመጣው። ተጻፈ። መልስ ያላገኘ አንድ ቅሬታ ይኸው፤ «ሁሉ» የሚለው ሪፖርት በዚያችው ደቂቃ ሐሰት ሆነ። ማክሰኞ ፓምፑ ተሠራ።

ያን እሁድ ከስብሰባው በኋላ ደረጃውን ደግፌያቸው ስንወጣ፣ እልሄ ገና አልበረደልኝም፤ ስለ አቶ ግርማ እየተብከነከንኩ ነበር። እማማ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ አንዲት ቅሬታ እንደምትበቃ ካወቅክ፣ ሦስቱን ሳምንት አንተ ምነው አልጻፍክ?»