ዝምታን የማያምኑት ክቡር ታይስቶ

በየመሥሪያ ቤቱ ዝምታ የሚያስፈራው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ዘንድ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ምድር ቤታችሁን ወርዳችሁ አላያችሁም ማለት ነው። ይህ ሰው ስልኩ ሲጮህ ፊቱ ይፈካል፣ ጸጥ ሲል ይገረጣል። "ዝምታ ወርቅ ነው" ብትሉት፣ ወርቁን አምጡና ልመዝነው ይላችኋል። ለእኛ ማዘጋጃ ቤት ፈጣሪ የመረጠልን ክቡር ታይስቶ ሮይኮነንን ነው። አሥራ ሰባት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ አሥራ ስድስቱን ዓመት እየተማረርኩ።

ከተማችን ትንሽ ናት። ሁለት ትምህርት ቤት፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ የመዋኛ አዳራሽ፣ የአረጋውያን ቤት፣ ሌላው ሐይቅና ጥድ ነው። በየሕንጻው ሥር የኮምፒውተር ገመዶች የሚሰኩበት ስዊች የሚባል ሳጥን አለ፤ ሲደመር ስልሳ አንድ። ሌላው ባለሙያ ሳጥኑን ይሰካል፣ መብራቱ ብልጭ ሲል ያያል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ክቡር ታይስቶ ግን ከወንበራቸው ሳይነሱ እያንዳንዱን ሳጥን የራሱን ጉድ ያናዝዙታል። ለእያንዳንዱ ገመድ ጣሪያና ወለል ያበጁለታል። በገመዱ የሚያልፈው መረጃ ጣሪያውን ከነካ ሳጥኑ ስልካችን ላይ ይጮሃል፣ ከወለሉ ከወረደም ይጮሃል። ስልካችን ነው ያልኩት፤ የእሳቸው ብቻ ቢሆንማ ምን ገዶኝ!

አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ደወሉ።

"ዘጠነኛው ገመድ ላይ ያለኸው ማነህ?"

"እኔ ነኝ" አለ የመጻሕፍቱ ኃላፊ እየተንተባተበ፤ "ይቅርታ ታይስቶ፣ የበረዶ ሆኪ እያየሁ ነበር። አሁን እዘጋዋለሁ።"

"ኧረ እየው! ድንገት ዝም እንዳትል ብቻ።"

በገና ሰሞን የክፍላችን ሰዎች ሳውና ስንገባ ስልካቸውን የዱር ፍሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ በሚቀመጥበት ላስቲክ ጠቅልለው በሩ ላይ ካለው ምስማር ያንጠለጥሉታል። እኛ በእንፋሎቱ እየተቀቀልን የዓመቱን ድካም ስንረሳ እሳቸው አንገታቸውን አጣመው ላስቲኩን ያያሉ። "ታይስቶ፣ ስልኩንም ጀርባውን ልታሸው ነው?" ብዬ ስጠይቅ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን መልስ አላቸው፤ ሁልጊዜም ያው መልስ ነው፦ "ዝም ያለ ነገር ደህና ነው ያለሽ ማነው?"

ከሰው ጋር ግን ወሬ የላቸውም። ባለፈው መጋቢት እናቴ አረጋውያን ቤት ገባች። በአገራችን ሐሙስ የአተር ሾርባ ቀን ነው፤ አንድ ሐሙስ ምሳ ላይ ሾርባችንን እየበላን የሆዴን ነገርኳቸው። "ሁለተኛው ኮሪደር ነው የሰጧት። ብወድቅና የጥሪ ደወሉ ባይሠራስ እያለች ትፈራለች። ደወሉም በገመድ ነው አሉ" አልኳቸው፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ። ክቡር ታይስቶ ሾርባቸው ላይ ሰናፍጭ ጨመሩ። አማሰሉ። በሉ። እንጨት! አልኩ በልቤ፤ ለሳጥን የሚያለቅስ፣ ለሰው የማያዝን እንጨት።

ከዚያ ሐምሌ መጣ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ክቡር ታይስቶ ጣሪያና ወለሉን በግምት ከማበጀት ለምን ልኩን ለክቼ አላውቀውም አሉ። የከተማው "ጤነኛ ቀን" ስንት መረጃ እንደሚያልፍበት አራት ሳምንት ሊለኩ ወሰኑ። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ የሚረብሽ ሰው በሌለበት ነው የሚሠራው ብለው ሐምሌን መረጡ። ሐምሌን! አገር ምድሩ ለበጋ ዕረፍት የቤቱን ሶኬት ነቅሎ ሐይቅ ዳር ጎጆው ሲገባ፣ ከንቲባው እንኳ ዓሣ ሲያጠምድ! ሰው የሌለበትን ከተማ ለክተው፣ ጤና ማለት ይህ ነው ብለው ለስልሳ አንዱም ሳጥን አወጁ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሕዝቡ ከዕረፍት ተመልሶ ኮምፒውተሩን የከፈተ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አራት መልእክት! ጠረጴዛው ላይ እየተንፏቀቀ ሄዶ ወደቀ። አለቃችን ማርዩካ ሮጣ ገባች።

"ታይስቶ፣ ምንድን ነው የሆነው? ጦርነት ነው?"

"ሰው ነው" አሉ ክቡርነታቸው ግራ ተጋብተው፤ "ሰው መጥቷል።"

ከሰዓት በኋላ ጸጥ አለ። በማግስቱም ጸጥ፣ በሳምንቱም ጸጥ። እኛ ተመስገን አልን፤ ክቡር ታይስቶ ግን ማቅ የለበሱ መሰሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሳጥኑ ጣሪያው ሲነካ አንዴ ይጮሃል፤ ዳግመኛ የሚጮኸው መጀመሪያ ወለሉ ድረስ ከወረደ ብቻ ነው። ሰው ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሌት ተቀን ስለማይዘጋ ወደ ሐምሌ ወለል የሚወርድ የለም። ስለዚህ ከተማው ቢቃጠል እንኳ ሳጥኖቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው እስከሚመጣው ሐምሌ ይቀመጣሉ።

"ሁሉንም እንደገና ልሥራቸው፤ ሁለት ወር ስጪኝ" አሉ ታይስቶ።

"በፍጹም!" አለች ማርዩካ። "ዝም ይበሉ! አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ሰላም አይቼ አላውቅም።"

እኔስ ምን አደረግሁ? ማመልከቻ ጻፍኩ። በአንድ ጠዋት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አራት ጊዜ የጮኸው የዚህ ሰውዬ ማንቂያ ዳግም ሳያውከን ይነሣልን ብዬ አሥራ አንድ ፊርማ አሰባስቤ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ። ክቡር ታይስቶ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ እስክሪብቶ አወጡና ቁጥሩን አረሙ። "ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ነው፤ ሁለቱ ያንቺ ስልክ ጋ አልደረሱም" አሉኝ።

የበረዶው ወቅት ከፋብኝ። እናቴ መቀባዠር ጀመረች። "አንድ ረጅም ሰውዬ አልጋዬ ሥር ተኝቶ ነበር" ትለኛለች። "መቼ?" ስላት፣ "ቅዳሜ። ሁለት ፓይ በላልኝ። ምንም አያወራም።" በሦስተኛው ጊዜ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ የሌለ ሰው ይታያታል ብዬ። መድኃኒት አዘዘላት።

በየካቲት ውሳኔው መጣ፤ የሳጥኖቹ ጥበቃ ለአንድ የትልቅ ከተማ ድርጅት ተሰጠ፣ ክቡር ታይስቶም ጡረታ ይውጡ ተባለ። የቀሩትን ማንቂያዎች እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት የሚያጠፋ ሰው አስፈለገ። "አንቺ ጀመርሽው፣ አንቺ ጨርሺው" አለችኝ ማርዩካ።

አንድ በአንድ አጠፋሁ። እያንዳንዱ ማንቂያ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ አለው። ታይስቶ፣ ታይስቶ፣ ታይስቶ ይላል፤ ሁለት ሺህ ጊዜ። መጨረሻ ላይ የአረጋውያን ቤቱ ሳጥን ጋ ደረስኩ፣ አሥራ ሰባተኛው ገመድ፣ ሁለተኛ ኮሪደር። ባለቤት በሚለው ቦታ "የሄልቪ እናት" ይላል።

ሄልቪ እኔ ነኝ።

የተሠራበት ቀን መጋቢት ነው፤ ያቺ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ። ጣሪያ የለውም፣ ወለል ብቻ። የጥሪ ደወሉ በየደቂቃው የሚልከውን ምልክት ትቶ ዝም ካለ፣ መልእክቱ ወደ አንድ ስልክ ብቻ ይሄዳል፤ ወደ ታይስቶ። ዘንድሮ አራት ጊዜ ዝም ብሏል። አራቱም ቅዳሜ ነው።

ምድር ቤት ስወርድ ስኒያቸውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ነበር።

"ታይስቶ፣ ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያጸዱ መወልወያው አንዳንዴ ገመዱን ይነቅለዋል። ከአልጋው ሥር ገብቼ እሰካዋለሁ። አንቺ ለምን ትጨነቂ?"

"እናቴን እኮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት! የሌለ ሰው ታያለች ብዬ! መድኃኒት እየዋጠች ነው፣ በአንተ ምክንያት!"

ስኒውን አስቀመጡት።

"ለዚያ ነው እንግዲህ" አሉ። "ባለፈው ቅዳሜ አላወቀችኝም።"

እሳቸውን ልርገም ወይስ ራሴን? ሁለት ዝምተኛ ሰዎች አንዲት አሮጊት መሐላቸው አስቀምጠው እብድ አደረጓት። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ክቡር ታይስቶ ስኒውን የጠቀለሉበትን ጋዜጣ ፈትተው ሰጡኝ፤ ሌላ ነገር አላገኙም።

አሥር ሰዓት ላይ ማርዩካ "ሁሉም ጠፋ?" አለችኝ።

"ሁሉም ጠፋ" አልኩ። ለአለቃ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። አንዱን አላጠፋሁትም፤ ከታይስቶ ስልክ ወደ እኔ ስልክ አዞርኩት እንጂ። መድኃኒቱንም ሐኪሙ አቁሞላታል፤ ግን የሄደው ሁሉ አልተመለሰም። አንዳንድ ቀን እኔን ታየኝና "ረጅሙ ሰውዬስ?" ትላለች፣ አንዳንድ ቀን ምንም አትልም።

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ከአውኔ ጋር ሳውና ገባን። ስልኬን በፍሬ ላስቲክ ጠቅልዬ ምስማሩ ላይ ሳንጠለጥለው አውኔ በሳቅ ልትሞት ነው።

"አንቺ! ስልኩንም ልታጥቢው ነው?"

አንገቴን አጣምሜ ሳየው ቆየሁ። ዝም ብሏል፤ መቼም ዝም ማለቱ ገመዱ ላለመነቀሉ ምልክት ነው። ቢሆንም ፎጣዬን አገለደምኩና ወጥቼ አረጋውያን ቤት ደወልኩ።

"እናትሽ ደህና ናት፣ ደወሉም ይሠራል" አለችኝ ነርሷ። "ምነው ዛሬ ሁላችሁም? አሁን ገና አንድ ሰውዬ ደውሎ ይህንኑ ጠይቆኝ ዘጋ።"