ባለ አንድ ዓይኑ ፈረሰኛ

ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ባለትዳር ሁሉ ቤቱ ውስጥ የሚደብቀው ነገር አለው! የለኝም የሚል ካለ፣ እሱ ከሁላችንም የባሰ ነገር የደበቀ ሰው ነው። አንዱ ሲጋራ ይደብቃል። አንዱ ሁለተኛ ሲም ካርድ ይደብቃል። ሌላው ሐኪም የከለከለውን ቁርጥ ሥጋ "ስብሰባ ነበረብኝ" እያለ በሆዱ ይደብቃል። እኔ ደግሞ… ጭራቅ እደብቃለሁ።

ኧረ አትደንግጡ! ጭራቁ የአውራ ጣቴን አያህልም። ፕላስቲክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መካኒሳ አቦ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፤ በማሽን ፕላስቲክ እያቀለጡ የፈለጋችሁትን ቅርጽ ያወጡላችኋል። የተሰበረ የፍሪጅ እጀታ ላሠራ ሄድኩና መስኮቱ ላይ አንድ ፈረሰኛ አየሁ። ጦር ይዟል፣ ከፈረሱ እግር ሥር ክንፍ ያለው ዘንዶ ተጋድሟል፣ ከኋላ ሹል ጆሮና የተንጋደደ ጥርስ ያላቸው ጭራቆች ተሰልፈዋል። ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም ከቡና ስኒ ያነሱ።

"እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?" አልኩት ባለሱቁን።

"ሚኒያቸር ነው የሚባሉት ጋሼ። ለጌም ናቸው። ገዝተው ራስዎ ነዎት የሚቀቧቸው።"

በቃ፣ ለከፈኝ! የፍሪጁ እጀታ እዚያው ተረሳ። (ይኸው እስከ ዛሬ ፍሪጃችን የሚከፈተው በማንኪያ ነው።) ከዚያን ቀን ወዲህ ደመወዜም እሑዴም ለጭራቅ ሆነ።

የምደብቀው ከሚስቴ እንዳይመስላችሁ። ከፅጌ ምን ይደበቃል? ከአንዲት የጥፍር ቀለም በስተቀር ምንም! ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ብላ የገዛቻት ናት፤ ደማቅ ቀይ። የዘንዶዬ ምላስ ደግሞ ቀይ ፈለገ… ምን ላድርግ? ፅጌ ስትጠይቀኝ "ወድቃ ይሆናል፣ ልጆች ነክተዋት ይሆናል" አልኳት። ልጆች የሉንም። ዓይን ያወጣ ውሸት ማለት ይኼ ነው። እስቲ ለጊዜው እንለፈው።

የምደብቀው ከአማቴ ነው። አለቃ ወንድይራድ ይባላሉ። ደብረ ታቦር አካባቢ አርባ ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ፅጌን ልጠይቅ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ፣ "ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" አሉ።

"መዝገብ ቤት ነው፤ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ይመታል።"

"እሺ። ሌላስ?"

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ሌላስ" እንደተንጠለጠለች ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት! በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አለቃ አንድም ቀን "ልጄ" ብለውኝ አያውቁም። በስሜም ጠርተውኝ አያውቁም። "የፅጌ ባል" ነኝ። የፅጌ ባል፣ ውሃ ስጠኝ። የፅጌ ባል፣ በሩን ዝጋ። አትሳቁ እባካችሁ፣ በሰው ፊት ባልናገረውም አንጀቴን ይበላኛል። አንዲት "ልጄ" ብትወጣቸው ምን ይጎድልባቸዋል? እንዲህ ያሉ ሰው እጄ ላይ የተቀባ ጭራቅ ቢያገኙ "ሌላስ?" ላሉት ጥያቄ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

ባለፈው ወር አለቃ ዓይናቸውን ሊታከሙ ለቡ መብራት ኃይል፣ ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ድረስ መጡ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ብሩሽ ከጣሉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያዩም። እግዜር ይቅር ይበለኝና… ደስ አለኝ! እሳቸው እኮ አያዩም! ሳሎን ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ ጭራቄን እቀባ ጀመር።

"የፅጌ ባል፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?"

"ቀለም ነው አለቃ። ወንበር እየቀባሁ ነው።"

"ጎሽ።"

በአራተኛው ቀን ግን፣ "የፅጌ ባል…" አሉኝ፣ "ይኼ ወንበር ስንት እግር ነው ያለው?"

አሁን ስለ ዓይን ላውራችሁ። ሚኒያቸር የቀባ ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው በዓይን ነው። ልብሱ ይቀባል፣ ፈረሱ ይቀባል፤ ዓይን ግን የምስር ክክ በምታህል ፊት ላይ፣ ሦስት ፀጉር ባላት ብሩሽ፣ ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ማሳረፍ ነው። የእኔ እጅ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ላይ ጧ! ጧ! ሲያደርግ የኖረ እጅ ነው። የመጀመሪያው ዓይን እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው ያምርልኛል። ሁለተኛው ግንባር ላይ ያርፋል፤ አንዴ ጉንጭ ላይ፣ አንዴማ ፈረሱ ቂጥ ላይ አርፎልኛል! ላስተካክል ስል የመጀመሪያውንም አጠፋዋለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ስለዚህ ወሰንኩ፤ ፈረሰኛዬ በአንድ ዓይኑ ይኑር! ከጎን ሲያዩት ማን ይቆጥራል? ጭራቆቹ ግን ዓይናቸው አተር አተር ስለሚያህል ሁለት ሁለት አድርጌ፣ ቁልጭ አድርጌ ሠራሁላቸው።

የአለቃ ቀኝ ዓይን ተሠራ። ግራው ከሁለት ወር በኋላ ይሁን ተባለ። በማግስቱ ፋሻው ተነሥቶ ፅጌ ከሆስፒታል ይዛቸው ስትመጣ፣ እኔ ቤት ውስጥ እንደ ሌባ እየተሯሯጥኩ ነበር። ጭራቆቹን መደርደሪያው ላይ ከመጻሕፍቱ ኋላ አስገባሁ። ፈረሰኛውና ዘንዶው ግን ቀለማቸው እርጥብ ነው! ምኑን ልንካው? በሩ ተከፈተ።

አለቃ ገቡ። በአዲሱ ዓይናቸው ግድግዳውን አዩ። ልጃቸውን አዩና አገጯን ይዘው "ከስተሻል" አሏት። እኔን አዩ። ከዚያ ጠረጴዛውን አዩ…

"ሰማዕቱ!" ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አማተቡ። ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

እስቲ ፍረዱኝ! ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ከእግር ሥር ዘንዶ። አርባ ዓመት ያንን ሲሥል ለኖረ ሰው ሌላ ማን ሊሆን ነው? ለጌም የተሠራ ነው ልበላቸው?

"ማን ነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ፣ አለቃ።"

"አንተ?"

"እኔ።"

"አየህ… እኔ እኮ… ል…" አሉ። ምሥክሬ ፅጌ ናት፤ "ል" ብለዋል! "ጄ" ልትከተል አፋቸው ላይ ደርሳ ሳለ ፈረሰኛውን ብድግ አድርገው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ወደ ግራ አዞሩት። ወደ ቀኝ አዞሩት። ፊታቸው ተለወጠ።

"ሁለተኛው ዓይኑ የት ሄደ?"

ጉድ ፈላ! ለካስ እኔ የረሳሁት፣ እናንተም ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሙ ያያችሁት ነገር አለ። በጥንቱ ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ ከነሁለት ዓይኑ ይሣላል። ከሐዲ፣ ጨካኝ፣ ይሁዳ… እነሱ በጎን ዞረው አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። እንግዲህ እኔ ሰማዕቱን ከይሁዳ ጋር ደምሬዋለሁ ማለት ነው!

"አለቃ፣ እሱ እኮ ሰማዕቱ አይደለም። የጨዋታ ነው…"

"በሰማዕቱ ትጫወታለህ?!"

ባሰ! ወደ ኋላ ሳፈገፍግ ትከሻዬ መደርደሪያውን ነካው፤ መጻሕፍቱ ወደቁ፤ ዐሥራ አንድ ጭራቆች፣ ሃያ ሁለት ዓይን ይዘው፣ አለቃ ላይ አፈጠጡ። አለቃ በዝግታ ቆጠሯቸው።

"እግዚኦ! የፅጌ ባል…" አሉ፤ "ጻድቁን አሳውረህ አጋንንቱን አጸደቅሃቸው?"

"እርስዎስ አሁን በአንድ ዓይን አይደል እንዴ የሚያዩት?" ልል ነበር። ዋጥኩት። ሰው በሕይወቱ አንዳንዴ ብልህ ይሆናል።

"ብሩሽ አምጣ።"

አመጣሁ።

"ይኼ ብሩሽ ነው ቅንድብ?" አሉና ተቀበሉኝ። ፅጌ ከማድ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ስድስት ዓመት ብሩሽ ያልነካ እጅ፣ አንድ ቀን የሞላው ዓይን! አለቃ ብሩሹን ምላሳቸው ጫፍ ላይ አሹለው፣ ጥቁሩን ነክተው፣ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ነካ አደረጉት። አንዴ። አበቃ! ፈረሰኛው ቀና ብሎ አየኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አየኝ። ፅጌ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ወንድ ነኝ፣ አላለቅስም ብዬ ነበር… አልሆነም።

አለቃ ግን ለለቅሶ ጊዜ አልነበራቸውም። "እነዚያን ርጉማን ወዲህ በላቸው!" አሉኝ። ጭራቆቹን አንድ በአንድ እየተቀበሉ አንድ አንድ ዓይናቸውን በአረንጓዴ ደፈኑት።

"አባባ! ሐኪሙ አትጎንበስ ብሎህ የለም እንዴ?" ትላለች ፅጌ።

"እንግዲያው ጭራቁን ከፍ አድርጊልኛ!"

ቅዳሜ፣ እንደ እኔው ጭራቅ ከሚቀቡ አምስት ጎልማሶች ጋር ወደምሰበሰብበት ነፋስ ስልክ ያለ ካፌ አለቃን ይዣቸው ሄድኩ። ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው መሀል ላይ ተቀመጡ። የሒሳብ አስተማሪው ጓደኛችን በኩራት የቀባውን ሽማግሌ አቀረበላቸው።

"ይኼ ማነው?"

"ክፉ ጠንቋይ ነው፣ አባቴ።"

"ታዲያ ሁለት ዓይን ምን ይሠራለታል?" ድፍን!

የሰው አባት፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ሪዝ ያለው ሁሉ ጭራቁን ይዞ ተሰለፈ። አለቃ ፍርድ ሲሰጡ ዋሉ። አንዱማ "አባቴ፣ የእኔ ዘንዶ እኮ ክፉ አይደለም፣ ተገዶ ነው" ብሎ ይግባኝ ጠየቀ። የቤተሰቡን ታሪክ ከሰሙ በኋላ ሁለት ዓይን ፈቀዱለት። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ብቻቸውን ይስቃሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርሳቸውን አላየሁትም ነበር፤ ጥሩ ጥርስ አላቸው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አለቃ ገና ካልተቀቡት ግራጫዎች መሀል መዶሻ የያዘ፣ ድንክ እግረኛ መረጡ። ሲቀቡት ዋሉ። ራሱን መላጣ አደረጉት። ሆዱን በነጭ ሸሚዝ ወጠሩት። የመዶሻውን ጫፍ የማኅተም ቀለም፣ ወይን ጠጅ ቀቡት።

"ይኼ አንተ ነህ" አሉኝ። "ከፈረሰኛው ጎን ነው የምትቆመው" ብለው እዚያው አቆሙኝ።

የመጀመሪያውን ዓይን ነካ አደረጉልኝ። አማረ! ብሩሹን እንደገና አሾሉ።

"ና እስቲ ልጄ፣ መብራቱን አስጠጋልኝ።"

ሰማችሁ? ልጄ! ከነ"ጄ"ው! አምፖሉን አስጠጋሁላቸው። ብሩሹ ወደ ሁለተኛው ዓይኔ ተጠጋ… አለቃ ትንፋሻቸውን ዋጡ… እኔም ዋጥኩ…

"ይቺን ጠርሙስ ማን ነው የጨረሳት?"

ፅጌ ናት። የጥፍር ቀለሟን ባዶ ጠርሙስ ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ከአልጋው ሥር ስትጠርግ ነው ያገኘቻት። እኔ ጣሪያውን አየሁ። አለቃ ግን ጠርሙሷን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው የዘንዶውን ምላስ አዩ፤ ቀይ፣ ደማቅ፣ የሚያብረቀርቅ። ከዚያ እኔን አዩ። ይኼ አዲስ ዓይን የሚሉት ነገር ምንም አያመልጠውም!

"ልጆች ነክተዋት ይሆናል ብሎኝ ነበር" አለች ፅጌ።

አለቃ ብሩሹን በጨርቅ ጠርገው አስቀመጡ። በሁለት ጣታቸው መላጣዬን ይዘው ከፈረሰኛው ጎን አነሡኝና ጠረጴዛውን አሻግረው፣ ከጭራቆቹ መሀል፣ ጥርሱ ከተንጋደደው ጎን አቆሙኝ።

"አለቃ… ሁለተኛው ዓይኔስ?"

"የፅጌ ባል፣" አሉኝ መነጽራቸውን እያደረጉ፣ "የእኔ ሁለተኛው ዓይን የሚሠራው ከሁለት ወር በኋላ አይደል? ያንተንም ያን ጊዜ እናየዋለን። እስከዚያው በየአንድ ዓይናችን እንተያያለን።"