በፀሐይ የሚያሳብበው ኦባንግ

ጋምቤላ ውስጥ በፀሐይ የማያሳብብ ሠራተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ክልል በሆንን ሰሞን እኔም ያረፈድኩት ሁሉ በእሷ ምክንያት ነበር። የጤና ቢሯችን የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ኦባንግ ግን ከሁላችንም ባሰ። አንድ ጠዋት ሬዲዮው ጸጥ ቢል፣ «ፀሐይ በየአሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ ትታወካለች፤ ያኔ የምድርን ማግኔት ትበጠብጣለች፤ ሬዲዮም ይቋረጣል፤ አንቴናው ደህና ነው» አለ።

አለቃችን «አንተም በፀሐይ?» ብለው አንቴናውን ሦስት ጊዜ አስወርደው አሰቀሉ። እኛ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሆነን ሳቅን።

አቦቦ ወረዳ ያለችው ነርስ ግን ሬዲዮው ከመቋረጡ በፊት ለታመመ ሕፃን የሚሰጠውን የመድኃኒት መጠን ጠይቃ መልስ እየጠበቀች ነበር። ኦባንግ የሐኪሙን መልስ በወረቀት ይዞ፣ በዚያ ቀትር በብስክሌት ወጣ።

አመሻሹ ላይ ሬዲዮው በራሱ ጊዜ ተናገረ። «ኦባንግ ነኝ፣ ከአቦቦ፤ ሕፃኑ መድኃኒቱን ወስዷል።»

እኛ በፀሐይ አሳብበን ጥላ ሥር ዋልን፤ እሱ በፀሐይ አሳብቦ ፀሐይ ላይ ዋለ።