መብራት ያልጠፋበት ሌሊት

ሱሉልታ ላይ፣ በአንዲት ደግ እናት ቤት፣ የራሴን ጥፋት በመብራት ላይ አላክኬያለሁ። «ይህም ኃጢአት ሆኖ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። በኛ አገር መብራት ያልተሸከመው የሰው ጥፋት የት አለ? ወጡ ሲያር መብራት፣ ሥራ ስናረፍድ መብራት፣ ያልደወልንለት ዘመድ ሲቀየመን «ስልኬን ቻርጅ የማደርግበት መብራት አጥቼ» ነው። መብራት አይሟገት፣ አያኮርፍ፣ ሽማግሌ አይልክ። ችግሩ አንዳንድ ቀን ንጹሕ መሆኑ ነው።

እኔ ቡራዩ ውስጥ ቴሌቪዥንና ስታቢላይዘር እጠግናለሁ። በወጣትነቴ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ተመርቄያለሁ። አርባን ካለፍኩ በኋላ ግን ሌላው የሠራውን መጠገን ሰለቸኝና የራሴን ሰርኪት ቦርድ፣ ያን በየቴሌቪዥኑ ሆድ ውስጥ ያለውን ሰሌዳ፣ በኮምፒዩተር መንደፍ ልማር ብዬ ተነሣሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየተጋፋሁ ሰበታ እወርዳለሁ። አስተማሪያችን ዳንኤል ከሆሳዕና መጥቶ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ልጄ ለመሆን ጥቂት የቀረው ወጣት ነው። ተማሪዎቹም እኩዮቹ ናቸው። እኔ መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ እነሱ ቦርዱን ጨርሰው ስልካቸውን ይጎረጉራሉ።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ዕቃዎቹን በስክሪኑ ላይ ትደረድራላችሁ፣ ካንዱ ዕቃ እግር ወደሌላው ዕቃ እግር መስመር ትስባላችሁ። ያ መስመር በኋላ ቦርዱ ላይ መዳብ ይሆናል፣ ኤሌክትሪኩም በእሱ ይሄዳል። መስመሩን ከሚገባው በላይ ካቀጠናችሁት ሶፍትዌሩ ቀይ ምልክት ያደርግበታል። አይቆጣም፣ አይሳደብም፤ ቀይ ምልክቱን አስቀምጦ ይጠብቃችኋል። እንደ ሕሊና ማለት ነው።

«መስመር መንገድ ነው» አለን ዳንኤል አንድ ቅዳሜ። «ለሙቀት መለኪያው ቀጭኑ ይበቃዋል። አምፖል ለሚያበራው ግን ሰፊ መንገድ ያስፈልጋል። የገላንን ከባድ መኪና በለገዳዲ የእግር መንገድ ትነዱታላችሁ?» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «እትዬ ሰናይት፣ ግልጽ ነው?»

«በጣም ግልጽ ነው!» አልኩት።

ምሳሌው ግልጽ ነበር። መስመሩ በየት በኩል ተነክቶ እንደሚሰፋ ግን አላየሁም። «ድገምልኝ» እንዳልል ልጆቹ ዘወር ብለው ሊያዩኝ ነው። ጠይቆ ከማፈር ሳይጠይቁ መጥፋት ይሻላል የሚል ተረት የለንም፤ ስንኖር ግን የምንኖረው በእሱ ነው።

በዚያው ሰሞን አዴ ጫልቱ መጡ። አዴ ጫልቱ ሱሉልታ ውስጥ ዶሮ እያረቡ የሚተዳደሩ፣ ባል የሞተባቸው እናት ናቸው። በአምፖል ሙቀት ጫጩት የሚፈለፍል ሳጥን አናጢ ሠርቶላቸዋል፤ የቀረው ሙቀቱን እየለካ አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋ ቦርድ ነው። «አንቺ ትችያለሽ አሉኝ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ልጄ ተብሎ አልችልም ይባላል?

ነደፍኩት። የአምፖሉ መስመር ላይ ቀይ ምልክቱ ወጣ። ማስፊያውን ፈልጌ አጣሁት። ምልክቱን መደበቂያ ግን ማንም ሳያስተምረኝ አገኘሁት። ስክሪኑ ንጹሕ ሆነ፣ እኔም ደስ አለኝ። ቦርዱን ሠርቼ ገጠምኩላቸው። አዴ ጫልቱ የራሳቸው እንቁላል አልበቃ ቢላቸው ከጎረቤት ሴቶች ለምነው፣ ለእያንዳንዷ ጫጩት ተስፋ ሰጥተው ሳጥኑን ሞሉት።

ሊፈለፈል ሲቃረብ አንድ ማለዳ ደወሉልኝ። ስደርስ ከበር ላይ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ብለው መልሴን እንኳ በቅጡ ሳይሰሙ ወደ ሳጥኑ ወሰዱኝ። እንቁላሉን ዳሰስኩት። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ቦርዱን ፈትቼ ሳይ የአምፖሉ መስመር እንደ ፀጉር አርሮ ተበጥሷል፤ ቀይ ምልክቱን የደበቅኩበት ቦታ ላይ።

«ምን ሆነ?»

«መብራቱ ነው» አፌ ቀደመኝ። «ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል ይመጣና ያቃጥላል።»

«ሌሊቱን የጠፋ አልመሰለኝም እኮ።»

«ተኝተው ነዋ፣ አዴ!»

«እንግዲህ ተኝቼ ነው» አሉ፣ እንደ ማፈር ብለው። እኔ ማፈር ሲገባኝ።

ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ለጎረቤቶቹ ሊነግሩ ወጡ። የመሣሪያ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው። በየደጃፉ «መብራቱ ፈጀብን» ይላሉ፤ ሴቶቹም መብራትን ይረግሙና ወደኔ ዞረው «አንቺም በከንቱ ደከምሽ!» ይሉኛል። አንዷማ ውሃ አጠጣችኝ። ውሃ እንዲህ እንደሚያንቅ ያን ቀን አወቅሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በልጆቹ ሁሉ ፊት «ዳንኤል፣ አልገባኝም፤ መስመሩ እንዴት ነው የሚሰፋው?» አልኩት። አሳየኝ። ሻይ ከማማሰል አይበልጥም። «ምነው ያኔ ሳይነግሩኝ?» አለ። ከልጆቹ አንድም ዘወር ብሎ ያየኝ የለም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ ነበር።

አዲሱን ቦርድ ያለ አንዲት ቀይ ምልክት ነድፌ ገጠምኩላቸው። ሳጥኑ በአዲስ እንቁላል ተሞልቶ ይኸኛው ፈለፈለ። አዴ ጫልቱ ጫጩት አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡና በኦሮምኛም በአማርኛም መረቁኝ። የዚያን ጊዜ ልደብቀው አልቻልኩም።

«አዴ፣ ያኔ መብራቱ አልነበረም። እኔ ነኝ። ኮምፒዩተሩ እየነገረኝ መስመሩን አቅጥኜ ሠርቼው ነው።»

«ተይ፣ ተይ!» አሉ ተቆጥተው። «ሰው ራሱን እንዲህ አይወቅስም! መብራቱ ሲጠፋ እኮ ነቅቼ ነበር። ፍሪጁ ዝም ሲል ሰማሁት። ሲመለስ ደግሞ የበረንዳው አምፖል ቦግ ሲል በዐይኔ አየሁት!»

ብምል፣ ብገዘት አልሰማ አሉ። ጎረቤቶቹም ተጠርተው መሰከሩ፤ ያቺ ውሃ ያጠጣችኝ ሴት የእሷም ቤት ጨልሞ እንደነበር አስታወሰች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ ግን ውሸቴ ነው እያደር የጠራው።

እሳቸው ጥፋቴን ካልተቀበሉኝ ይቅር ሊሉኝ አይችሉም። እናንተ ግን ያን ሌሊት ሱሉልታ አልነበራችሁም፤ መብራት ሲጠፋም አላያችሁም። ስለዚህ እመኑኝ፤ መብራት አልጠፋም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እባካችሁ ይቅር በሉኝ።