ወይዘሮ ብርቄ የአብራሪነቴን ዋጋ ሲከራከሩ

ዋጋ ሲነገረው የተሰደበ የሚመስለው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የላሊበላዋ ክብርት ወይዘሮ ብርቄ ናቸው፤ ጨው ቸርቻሪ፣ የቤት አከራዬ፣ የላስታ ነጋዴ ሁሉ ራስ ምታት። በግ ሲገዙ መጀመሪያ የበጉን ጤና ይጠራጠራሉ፤ ቀጥሎ የሻጩን። አሸተን ማርያም ወጥተው የተሳሉትን ስለት እንዲቀንሱላቸው ቄሱን ተከራክረዋል ይባላል። አላየሁም፤ ግን አምናለሁ። "መጨረሻውን ንገረኝ!" ይላሉ። መጨረሻው ሲነገራቸው ክርክሩን የሚጀምሩት ከዚያ ነው።

በ1973 ዓ.ም. በሁለት መቶ ሠላሳ ብር ደመወዝ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ሶቪየት ኅብረት ሄጄ የአንበጣ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ማብረር እንድማር መመረጤን የሚገልጽ ወረቀት መጣልኝ። ሁለት ዓመት፣ በወር ዘጠና ሩብል። በሦስት ቀን ውስጥ ፈርም ተባልሁ።

ደስታዬ እስከ ምሳ ሰዓት አልቆየም። ብልባላ ያለችው እናቴ የምትኖረው በእኔ ደመወዝ ነው። ዘጠና ሩብል ለራሴ ይብቃኝ አይብቃኝ አላውቅም፤ ቢተርፍስ በምን ይላካል? ጨንቆኝ ለወይዘሮ ብርቄ ነገርኳቸው።

"በዘጠና ሩብል ስንት ቁና ጤፍ ይገዛል?"

"እዚያ ጤፍ የለም፣ እትዬ።"

"ታዲያ እንደሚበቃህ በምን አወቁ? ተነሥ፣ ሸጋው!"

የሚያስፈርሙት ጓድ ምስጋኑ ከወልድያ መጥተው በቀበሌው አዳራሽ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ብርቄ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊታቸው ቆሙ።

"ጓድ ጌታዬ፣ በዚያ አገር በግ ስንት ነው?"

"አላውቅም፣ እማማ።"

"የበግ ዋጋ ሳያውቁ ነው ሰው የሚወስዱት? ማገዶስ?"

"መንግሥት ያሞቀዋል።"

"ካፖርትስ?"

"አንድ ይሰጠዋል።"

"ሁለት ይሁን። አንዱ ሲታጠብ ምን ይልበስ?"

እኔ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን መፈክር ለሦስተኛ ጊዜ እያነበብኩ ነበር።

"ብሩንም መቶ ያድርጉት።"

"እማማ፣ ይህ ገበያ አይደለም! ሁለት መንግሥታት የተፈራረሙበት ነው!"

"ሁለቱም ይምጡና እንነጋገራለን። እስከዚያው እናቱን ማን ሊያበላት ነው?"

ጓድ ምስጋኑ ላባቸውን ጠረጉ። "የአስተማሪነት ደመወዙ ግማሽ እዚህ ለቤተሰቡ ይከፈላል! ደንቡ ይፈቅዳል!"

"ይህን እስካሁን የት ደብቀውት ነው?"

"የጠየቀኝ የለም!"

"ይኸው ተጠየቁ። ይጻፉት።"

ተጻፈ። እኔም ፈረምኩ። ሁለተኛው ካፖርት ግን አልተገኘም፤ ወይዘሮ ብርቄ እስክሳፈር ድረስ ተናደው ነበር።

ሁለት ዓመት ተምሬ ስመለስ በቀጥታ ብልባላ ሄድኩ። እናቴ አቅፋ ስማኝ ስታበቃ፣ "ገንዘቡ አንድም ወር አልተቋረጠብኝ። ብርቄ ገበያ ስትመጣ እየያዘችልኝ" አለችኝ።

ላሊበላ ስገባ ግን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሌላ ነገር ነገረኝ። ወረቀቱ መንገድ ላይ ስለቆየ ክፍያው የተጀመረው በአምስተኛው ወር ነበር፤ ያለፈውም እንዳለፈ ቀርቷል። የአራቱ ወር ገንዘብ ከየት እንደመጣ ለመገመት አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። ለእናቴ ግን ከመንግሥት ነው ብለዋት ኖሯል።

አራት መቶ ስድሳ ብር ቆጥሬ ወይዘሮ ብርቄ ፊት አስቀመጥኩ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ለእናቴ የሰጡት ነው፣ እትዬ። አራት መቶ ስድሳ።"

ደነገጡ። ቀጥሎ ጨው መስፈሪያቸውን ያለምክንያት ይወለውሉ ጀመር። "ማን እንዲህ አለህ? ሁለት መቶ ቢሆን ነው።"

"አራት መቶ ስድሳ!"

"ሁለት መቶ ሃምሳ። ከዚህ በላይ አልነካም።"

እኔ ወደ ላይ፣ እሳቸው ወደ ታች፣ ጨው ሊገዛ የመጣ ሰው አፉን ከፍቶ እያየን ስንጨቃጨቅ ቆየን። ለመሄድ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፤ ሁለቴም በእጅጌዬ ጎትተው አስቀመጡኝ። በመጨረሻ በሦስት መቶ ተስማማን።

በላስታ ገበያ ወይዘሮ ብርቄን ተከራክሮ መቶ ብር ያስጨመረ ሰው ካለ እኔ ነኝ።