ለሦስት ዓሦች የመጣች ፀሐይ

ቸገረኝ ብላችሁ ሳትጨርሱ ምክር የሚያዘንብ ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? በደርግ ጊዜ ላሊበላ ሳስተምር ጎረቤቶቼ ሁሉ እንደዚያ ነበሩ። ከሐይቅ ያመጣኋቸውን ሦስት ትንንሽ ዓሦች በመስታወት ሣጥን አኖር ነበር፤ ቤቴ ጨለማ ስለሆነ ግን ሣጥኑ ውስጥ የነበረው የውሃ ተክል ገረጣ። ርካሽ መብራት ፈለግሁ። አንዱ ፋኖስ ሞክር አለኝ፤ ሣጥኑ በጥላሸት ጠቆረ። ሌላው ባትሪ አለኝ፤ ድንጋዩ በሁለት ቀን አለቀ።

ጎረቤቴ ቄስ፣ አባ፣ ግን ምንም አልመከሩኝም። ለእንግዶች የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ሥዕል የሚያበሩበትን የእጅ መስታወት ይዘው መጡና ከቤቴ ደጃፍ ቆመው ፀሐይዋን ወደ ሣጥኑ መለሷት። ዓሦቹ አብለጨለጩ። ሰፈሩ ጎረፈ። አባም እንደ ቤተ ክርስቲያን ልማዳቸው ሁሉንም ጫማ እያስወለቁ አስገቡ።

ግርግሩን የሰማ ካድሬ ደረሰ።

«ስብሰባው በማን ፈቃድ ነው?» አለ።

አባ መስታወቱን ሳያነቃንቁ፣ «መጀመሪያ ጫማህን፣ ልጄ» አሉት።

አወለቀ። የካልሲው አውራ ጣት ቀዳዳ ነበር። ሣጥኑ ሥር ቁጢጥ ብሎ ዓሦቹን በዓይኑ ተከተለና በቀስታ፣ «ወንዱ የትኛው ነው?» አለኝ።

አባን ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ካድሬው ከዚያ ወዲያ ለዓሦቹ ፍርፋሪ ይዞ ሲመጣ፣ ማንም ሳያዘው ጫማውን ደጅ ያወልቅ ነበር።