ዘጠኝ ምድር የሚበላው ቤት

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ አባቶች። ቁናው የማን እንደሆነ ግን ሳይነግሩን አለፉ። እኔ ባለሁበት ጅዳ፣ ሩዝ ከምግብ ቤት ሲታዘዝ የሚሰፈረው በሰው ነው፤ «አንድ ነፈር» ካላችሁ የአንድ ሰው ድርሻ ይመጣላችኋል። ሰቢል ሰፈር ከጓደኞቼ ጋር ስንገናኝ አንዱን ነፈር ለሦስት በልተነው ለቁርስም ይተርፈናል። ኦብሑር፣ እኔ በምሠራበት ቪላ ደግሞ ያው አንድ ነፈር ለአንድ ሰው ቀርቦ ግማሹ ይደፋል። እንግዲህ አንድ ሰው ስንት ሩዝ እንደሆነ እንኳ ገና አልተስማማንም።

የአሠሪዬ የማዳም ልጅ ረኒም አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጸባይዋ ሸጋ ነው፣ የያዘችውን ግን አትለቅም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ የሰው ልጅ ሁሉ እንደናንተ ቤት ቢኖር፣ ምድር የተወሰደባትን እየተካች እንድትዘልቅ ስንት ምድር ያስፈልግ ነበር? ጥያቄውን ስልኳ ላይ ትመልሳለች፣ ስልኩ ይደምርላታል፣ ከሁሉ ያነሰ ምድር የሚበላ ቤት ይሸለማል። መኪናውን፣ የመዋኛ ገንዳውን፣ ቀን ከሌት የሚሠራውን የአየር ማቀዝቀዣ፣ ሥጋውን ሁሉ ብታስገባው «ዘጠኝ ምድር» አላት። ወላሂ፣ እኔ የደነገጥኩት ዘጠኙን ማን ሊጠርግ ነው ብዬ ነው።

ረኒም አለቀሰች። ከዚያ ማድ ቤት መጥታ በሳምንት ስንቴ ሥጋ እንደምበላ፣ በስንት ባልዲ እንደምታጠብ፣ ክፍሌ ማቀዝቀዣ እንዳለው ጠየቀችኝ። ከተበላሸ ሁለት ረመዷን አልፎታል ስላት ፊቷ በራ። ወዲያው ከቤተሰቡ ቁጥር አስገባችኝ፤ ድምሩ ለአራት መካፈሉ ቀርቶ ለአምስት ሲካፈል ዘጠኙ ሰባት ሆነ። ማዳም ስድስት ዓመት ሙሉ «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ» ስትለኝ እኔ ያላመንኳትን ስልኩ አመናት።

ጣጣው የመጣው «ዘንድሮ በአውሮፕላን የሚጓዝ የቤተሰብ አባል አለ?» የሚለው ላይ ነው። እነሱ ሽርሽራቸውን አምና ጨርሰዋል። ዘንድሮ የምበረው እኔ ነኝ፤ ልጄ ሰዓዳ አገር ቤት፣ ሐይቅ ከተማ ኒካሕ ልታስር ቀን ተቆርጧል፣ ማዳምም ፈቃድ ሰጥታኛለች። ረኒም ጉዞዬን ብታስገባው ሰባቱ ስምንት ሆነና አረፈው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ሮጣ ለእናቷ ነገረች፤ ማዳም ደግሞ ልጇን እምቢ ማለት አልፈጠረባትም፤ «ከሽልማቱ በኋላ ትሄጃለሽ፣ ኸላስ» አለችኝ። ሽልማቱ ያለው ልክ በኒካሑ ዕለት ነው። ሰዓዳን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆና ጥያት መጥቻለሁ፤ ስትዳርም ላላያት ነው ብዬ መታጠቢያ ቤቱን እየፈተግኩ አለቀስኩ።

መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ እዚያው ያረጁ አክስት አሉኝ። ደውዬ ብነግራቸው የምድሩ ቁጥር ጨርሶ አልገባቸውም። «ስሚ ከድጃ፣ ከቆጠሩሽ ይልቀቁሽ፤ ካልለቀቁሽ አይቁጠሩሽ» አሉኝ።

«አንቱ፣ ይሄ እኮ ሒሳብ ነው።»

«ሒሳቡም ይኸው ነው» አሉና ለሶላት ተነሡ።

በማግስቱ ረኒምን «በይ ከቤተሰቡ ሰርዢኝ» አልኳት። ሰረዘችኝ፤ ዘጠኝ። መለሰችኝ፤ ስምንት። ደግማ ሰረዘችኝ። ስወጣ ስገባ ቆይቼ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። «አገሬ ስሆን ከዚህ ቤት ምን እበላለሁ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ውሃስ? መብራትስ?»

ከቤተሰቡ መልሳ አስገባችኝና የምበላውን ሁሉ ባዶ አደረገችው። ስልኩ ምንም የማይበላ የቤተሰብ አባል አጋጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ ስድስት ላይ ወረደ። «ማማ፣ ሦስት ወር ትቆይ!» እያለች ወጣች። ማዳም የተቆለለውን ሳህን በዓይኗ ለካችና «አንድ ወር» አለች። የመውጫና መመለሻ ቪዛዬ በዚያው ሳምንት እጄ ገባ።

የኒካሑ ዕለት ረኒም ደወለች፤ አሸንፈዋል። አልሐምዱሊላህ አልኳት፣ ከልቤ ነው። «ማማ ግን ቶሎ ነይ ትላለች» አለችኝ፤ «ከሄድሽ ወዲህ የሚያጥብ ስለሌለ ሦስቱንም ገበታ በሚጣል ሳህን ነው የምንበላው። ጓሮው ሞልቷል።»

«እሱንስ ስልኩ ቆጠረው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ጥያቄው ውስጥ የለም» አለችኝ።

ሰዓዳ ሻሿን እንዳስተካክልላት ከጓዳ ስትጣራ ሰማሁ። ስልኩን ዘግቼ ገባሁ።